ወደ ግራ ሲታጠፍ

ጋራዡ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ቶሎ ትቃጠላለች፣ ስትቃጠል ደግሞ ዙሪያዋ ያለው ሁሉ ይጨልማል ብለው «ፊውዝ» አሏት፤ እሷም አልጠላችውም። የመኪና ኤሌክትሪክ ያስተማራት የጋራዡ ባለቤት አጎቷ ነው። የእሱ ዓይን ሲደክም ሥራው ወደ እሷ ዞረ።

ከወራት በፊት ልታገባ ነበር። እጮኛዋ ፋርማሲስት ነው፤ ነጭ ጋውን የሚያምርበት፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ቀኑ ተቆርጦ፣ ቀሚሱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ቀረ። መጥቶ እንኳ አልነገራትም፤ እህቱን ላከ። እህትየው ጋራዡ በር ላይ ቆማ፣ ቀሚሷን ከወለሉ ቅባት ሰብሰብ አድርጋ፣ እናታቸው ጥፍሯ ሥር ግራሶ ያለባት ምራት አልፈልግም ማለታቸውን፣ ወንድሟም የእናቱን ቃል መጣስ እንዳልቻለ ተናገረች። ሠራተኛው ሁሉ ሰማ። ፊውዝ አላለቀሰችም። የጀመረችውን ሥራ ጨርሳ እጇን ታጠበች፤ ደጋግማ ታጠበች። ከዚያ ወዲህ ጥርሷን ነክሳ የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያ ሰው በሰው ፊት የሚዋረድበትን ቀን።

አናጺው የመጣው በዚህ መሃል ነው። አያቱ ያወረሱትን ጥቁር አሮጌ መኪና በገመድ አስጎትቶ ገባ። መብራቶቹ ክብ፣ ኒኬሉ ከሩቅ የሚያብለጨልጭ መኪና ነው። ባለቤቱ በአዘቦት ቀን በርና ቁም ሣጥን ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ ሙሽሮች ያመላልስበታል። አሁን ግን መኪናው ደስ ባለው ሰዓት ይጠፋል፣ ደስ ባለው ሰዓት ይነሳል፤ አንዳንዴም ማንም ሳይነካው ክላክሱ ይጮኻል። ሌላ ቦታ ባትሪውን ቀይረውለታል፣ ቦቢናውንም፣ ካንዴላዎቹንም።

«ያልተቀየረው እኔ ብቻ ነኝ» አላት።

ፊውዝ ሳትፈልግ ፈገግ አለች።

እሷ መቀየር ሳይሆን መፈለግ ነው የምትወደው። መፈተሻ አምፖሏን ይዛ ከባትሪው ተነሳች፤ ሽቦውን እየተከተለች ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ሄደች። እሱ ከሥራው ቀደም ብሎ እየወጣ ይመጣና የእጅ ባትሪ ያበራላታል። ብዙ አያወራም። አንድ ቀን የሽቦ ጫፍ ጣቷን ወጋትና እሱ ልየው ሲላት እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ለምን እንደደበቀች ሳይገባው አልቀረም፣ የራሱን እጅ ዘረጋላት፤ ጥፍሮቹ ዙሪያ ቡናማ ነገር ደርቆባቸዋል።

«ኮላ ነው፤ አይለቅም» አላት። ፊውዝ እጇን ሰጠችው። ደሙን ጠረገላት፤ ከጠረገ በኋላም ጣቷን ቶሎ አልለቀቀም።

በማግስቱ መኪናው ለምን እንደሚያስቸኩለው ነገራት። ቅዳሜ የሚጭነው ሙሽራ አደባባዩ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲስት ነው። እናትየው ራሳቸው መጥተው መኪናውን አይተውታል፤ ወንበሩን በመሐረብ ጠርገው ነው የተቀመጡት። ፊውዝ የያዘችውን ሽቦ መላጥ ቀጠለች፤ ከሚገባው በላይ ላጠችው።

በነጋታው እሱ ሳይመጣ ዳሽቦርዱ ሥር ተንጋላ ገባችና መሪውን በአንድ እጇ ወደ ግራ እስከ ጥግ አዞረችው። ክላክሱ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ብልሽቱ እዚያ ነበር። የሽቦው ጥቅል መሪው ወደ ግራ ጥግ ሲዞር ይጎተታል። አንደኛው ሽቦ ላዩ ደህና ሆኖ ውስጡ ተበጥሷል፤ ሲጎተት ይላቀቅና ሞተሩ ይጠፋል። ሁለተኛው ተልጦ ኖሮ ብረት ሲነካ ክላክሱን ያስጮኻል። መጠገኑ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሰርጉ የሚደረግበትን አዳራሽ ታውቀዋለች። ለእሷ ሰርግ የተመረጠው ነው፤ ሰውየው ሙሽራዋን እንጂ አዳራሹን አልቀየረም። ወደ ጠባቡ በር የሚገባው መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ ወደ ግራ በመታጠፍ ነው።

የያዘችውን የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር ወደ ሳጥኑ መለሰችው። አናጺው ሲመጣ የባትሪው ማሳ፣ ከመኪናው ገላ ጋር የሚታሰረው ገመድ፣ ላልቶ እንደነበረና እንዳጠበቀችው ነገረችው። አመናት። ለሙከራ ሲወጡ መንገዱን የመረጠችው እሷ ናት፤ አንድም ጠባብ የግራ መታጠፊያ አልነበረውም።

«እሁድ ሙሽራ የለኝም» አላት ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «አንቺ ከፊት ብትቀመጪልኝ ደስ ይለኛል። ከኋላ የሚቀመጡት ሰልችተውኛል።»

እሺ አለችው። እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ያ መሐረብ ታወሳትና መልሳ ዘጋችው።

ቅዳሜ ከአዳራሹ ማዶ፣ ከተመልካቹ መሃል ቆመች። ጥቁሩ መኪና አበባ ለብሶ መጣ፣ ወደ ግራ ታጠፈ፣ በሩ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ክላክሱ ያለማቋረጥ ጮኸ። ከኋላ የተከተለው መኪና ሁሉ ተደረደረ፣ ሰዉ ሳቀ፣ እናትየው ጆሯቸውን ያዙ። ፊውዝም ሳቀች። ደስታው ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ሰውነቷን ሲያሞቀው ተሰማት።

ከዚያ ሙሽራው ወረደና የአናጺውን ኮሌታ ጨመደደ። ድምፁን ከፍ የማያደርገው ሰው መናኛ፣ ቆሻሻ እያለ ሰደበው። አናጺው አልመለሰለትም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

የፊውዝ ስልክ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

እሱ ዙሪያውን ሲቃኝ አያት። ፊቱ በራ። የደረሰችለት መስሎት ነው።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም። ዳሽቦርዱ ሥር ገባች፣ ሽቦውን ቀጠለች፣ ጠቀለለች፤ ክላክሱ ዝም አለ። ብድግ ስትል ሙሽራው አወቃት፤ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ወራት ሙሉ የጠበቀችው ይህንን ነበር። አላየችውም፤ የምታየው አናጺውን ነበር።

ሙሽሮቹን አውርዶ ተመለሰና በቀስታ ተናገራት።

«ያን ሁሉ ቀን ስንፈልግ ከረምን። ዛሬ አልፈለግሽም፤ ቀጥታ ሄድሽ።»

እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

«ማሳው ነው ብለሽኝ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለችው።

የመኪናውን በር ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ። ቢያላጋው ይሻላት ነበር።

እሁድ አልመጣም። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ሙሽሮች መኪናውን ሸሹት። ስትደውል አያነሳም። እሷ ያደረገችውን የማያውቀው አጎቷ አናጺውን የሥራ ጠረጴዛ አዘዘው፤ ከረመና መጣ። ያማረ ጠረጴዛ ነው። ብሎን ሲያስቀምጡበት ግን ተንከባሎ ይወርዳል። አጎቷ ወለሉን አማ፣ ቦታ ቀየረ። ፊውዝ ግን ያ ሰው ልኬት እንደማይስት ታውቃለች፤ አንዱ እግር ሆን ተብሎ አጥሯል። በየቀኑ ተንበርክካ ትለቅማለች፣ ትራገማለች፣ እንዴት እንደምትመልስለት ታስባለች። አንድ ቀን ስትለቅም ሳቅ አፈናት። ቱታዋን ሳታወልቅ ወደ እሱ ሄደች።

እንጨት እየላገ ነበር፤ አላቆመም።

«ያ ሙሽራ ቀን ከቆረጠ በኋላ በጥፍሬ ግራሶ የተወኝ ሰው ነው፤ በእሱ አልጸጸትም» አለችው። «ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። በአንተ ነው የምጸጸተው። አንተን መሣሪያ አደረግሁህ።»

መላጊያው ቆመ።

«ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ የደወልኩት ለአንቺ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ።»

ዓይኑ ጉልበቷ ላይ አረፈ፤ ቱታው እዚያ ጋ ሳስቷል። «በየቀኑ ትለቅሚያለሽ?»

«በየቀኑ።»

«ያንን ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር» አላት። «ሰሞኑን ግን ጉልበትሽ ያሳስበኝ ጀመር።»

በማግስቱ መጋዝና ኮላ ይዞ ጋራዡ መጣ። ከምሳ በፊት ያልቅ የነበረው ሥራ አላለቀም፤ በሚቀጥለው ቀንም መጣ፣ ከዚያም ወዲያ። ከመሥራቱ ይልቅ መጠገኑ ብዙ ጊዜ የሚፈጅበት አናጺ አይቶ እንደማያውቅ አጎቷ ለሠራተኞቹ አወራ። ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ከቆመ ሰነባብቷል። እሱ ግን ውሃ ልኩን ላዩ ላይ ያስቀምጥና «ትንሽ ይቀረዋል» ይላል። ፊውዝም ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ትከሻዋን ትከሻው ላይ አስደግፋ።

«ልክ ነህ» ትለዋለች፤ «ይቀረዋል።»