ሳጥኑ ሲከፈት

ዘርአብሩክ የተገኘው ጫኖ፣ ሙዝ ማሳ ውስጥ፣ በደረቱ ተደፍቶ ነው። ቀኝ እጁ የፓምፑን ሽቦ እንደጨበጠ ነበር። ኮረንቲ ነው የገደለው፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገም። አስከሬኑን ከበው የቆሙት ገበሬዎች አንዳቸውም ወደ ፓምፑ አይጠጉም። ኢንስፔክተር አገርነሽ ግን መብራቱ ከምሰሶው መቆረጡን አረጋግጣ ተንበረከከች። በሩ የተከፈተውን የፓምፑን መቆጣጠሪያ የብረት ሳጥን ውስጡን በባትሪ አየች፣ በጣቷ ዳሰሰች፣ በሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ማጥፊያ ጫን ለቀቅ እያደረገች ሞከረች።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ዞር አለች። ኤፍሬም ነው፤ ሳጥኑን ሠርቶ የሚሸጠው የሲቀላው ድርጅት የግዢና የተከላ ኃላፊ፣ የዚሁ አገር ልጅ። ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ፣ ጭቃውን እየሸሸ ቆሟል።

«እንዴት የራሱ?»

«ሳጥኑ መሬቱ ሲደርቅ ሞተሩን በራሱ ያስነሳል። በሩ ከተከፈተ ግን አያስነሳም፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። የእኛው ቴክኒሻን ዘርአብሩክ ሥራ ሊያቀል ብሎ የበሩን ማጥፊያ በሽቦ አስሮት ነበር። ቴክኒሻን ሁሉ ይሄ አመል አለበት።»

«ሽቦውን አይተኸዋል?»

«በዓይኔ! ስደርስ ነበረ። ጌታ ምስክሬ ነው።»

«ጌታን ለምስክርነት አትጥራብኝ። መጥሪያ የምልክለት አድራሻ የለኝም» አለችው።

ደሟ ፈልቷል። አገርነሽ የጋሞ ደጋ፣ የጨንቻ ልጅ ናት፤ ቁጡ ናት ይሏታል፣ ናትም። ፖሊስ ከሆነች ወዲህ የታዘበችው ነገር ቢኖር ሰው በሥራ ላይ ሲሞት መጀመሪያ የሚከሰሰው ሟቹ መሆኑን ነው። ሟች መልስ አይሰጥማ! ከሬሳ ጋር ማን ይከራከራል? እዚያች ማጥፊያ ላይ ደግሞ ሽቦ ቀርቶ የሽቦ ጭረት እንኳ አልነበረም። ይህን ለኤፍሬም አልነገረችውም።

የሟቹ እህት ቤተል እዚያው ጫኖ ሙዝ ነጋዴ ናት። መሬት ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። አገርነሽ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እህቴ፣ አይዞሽ አልልሽም። የምታውቂውን ንገሪኝ።»

«ነግሯቸው ነበር» አለች ቤተል። «ይሄ ሳጥን በሩ ተከፍቶም ይሠራል፣ አንድ ቀን ሰው ይበላል ብዬ ለቢሮ ነግሬያለሁ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ተስተካክሏል ብለው ደወሉለት። ደስ ብሎት ነው የወጣው።»

«ማን ነው የደወለለት?»

«ቢሮ ነው ያለኝ። ስም አልጠራም።»

«ዋናውን መብራት ለምን አልዘጋም?»

«ዋናው የጎረቤቱንም ውኃ ያቋርጣላ! በሩን ከፍታችሁ ሥሩ፣ በሩ ይበቃል ተብለው ነው የሠለጠኑት። ወንድሜ ያሉትን አመነ።» ድምጿ ተሰበረ። የሟቹ ስልክ ፓምፑ ውኃ የሚስብበት ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል። ማን እንደደወለ ቴሌን መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱ እስኪመጣ ግን የሰው ስም ይበላሻል።

የድርጅቱ ቢሮ ከተማ ውስጥ፣ ሲቀላ ነው፣ ከመለዋወጫ ሱቅ በላይ። ባለቤቱ አቶ ክብሩ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተዋል።

«እንደ ልጄ ነበር» አሉ። «ምን ዓይነት መዓት ነው?»

«ስለ ሳጥኑ ቅሬታ ሰምተው ያውቃሉ?»

«አምና ስንቱን ሰማሁ! የበሩ ማጥፊያ ርካሽ ነው፤ ነፋስ ሲነካው በሩ የተከፈተ እየመሰለው ሞተሩን ያቆማል። ሙዛችን ደረቀ ብለው ገበሬዎቹ ሊበሉኝ ደረሱ። በኋላ ጩኸቱ ቆመ።»

«ማጥፊያዎቹን ቀየራችኋቸው?»

«አልቀየርንም።»

«ታዲያ እንዴት ቆመ?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅሁም።»

«አልጠየቁም!» አለች አገርነሽ። እኚህን ሽማግሌ አንስታ ብትነቀንቃቸው በወደደች።

በሚቀጥለው ክፍል ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ለሥራ ከሌላ አገር የመጣው የሶፍትዌር ክፍሉ ኃላፊ አለምሰገድ ነው። ሌላዋ የሳጥኑን ፕሮግራም የጻፈችው ኑሃሚን ናት፤ ከአዲስ አበባ ለትምህርት መጥታ ሥራ አግኝታ የቀረች ልጅ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። አለምሰገድ ገና ሳይጠየቅ፦

«ኮዱ የእሷ ነው» አለ። «እኔ ቢልዱን ብቻ ነው የማየው።»

«ጎበዝ! ቶሎ ራስህን አወጣህ» አለችው አገርነሽ። ወደ ልጅቷ ዞረች። «አሳዪኝ።»

ኑሃሚን ማያው ላይ አንድ መስመር በጣቷ ነካች። «ይኸው፤ በሩ ከተከፈተ ሞተሩን አጥፋ ይላል። መርዶው ከመጣ ጀምሮ ሳነበው ነው የዋልኩት። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያሳበደኝ።»

«ይሄ ጽሑፍ እንዲህ እንዳለ ነው ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው?»

«አይደለም። በቢልድ ያልፋል። ማሽኑ ኮዱን ይወስዳል፤ ማስተካከያ ካለ ይለጥፍበታል፣ ፓች እንለዋለን፤ ከዚያ ሳጥኑ ወደሚረዳው ቋንቋ ይቀይረዋል።»

«ከተለጠፈበት በኋላ ያለውን አይተሻል?»

«እሱን አላየሁም» አለች ኑሃሚን።

«አንቺ ልጅ! የወጡን ጣዕም ከሽንኩርቱ ትጠይቂያለሽ እንዴ? ድስቱን ክፈቺዋ!»

«ቢልድ በራሱ ነው የሚሄደው፤ መሃሉ አይገባም» አለ አለምሰገድ።

«ይገባል» አለች ኑሃሚን። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ፓቹ ከተለጠፈ በኋላ አስቆመዋለሁ፣ እዚያው ሼል፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ እከፍታለሁ።»

ትእዛዝ ጻፈች። ጥቁር መስኮት ብቅ አለ፣ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። «አሁን ቢልዱ ሆድ ውስጥ ነን» አለች። «የምጠይቀውን እዚህ ካለው ፋይል ይመልስልኛል። በሩን የሚመለከተውን መስመር አምጣ ልለው ነው።»

ጻፈች። ሼሉ ምንም አልመለሰም። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ፊደል በፊደል ደግማ ጻፈች። አሁንም ባዶ። አገርነሽ ኮምፒውተር ባታውቅም ባዶ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ስንት ተጠርጣሪ እንዲህ መልሶላታል።

«መስመሩ የለም» አለች ኑሃሚን በሹክሹክታ። «አንድ ሰው አውጥቶታል።» የፓቾቹን ዝርዝር ጠየቀች። ሁለቱን ታውቃቸዋለች። ሦስተኛውን ግን አይታው አታውቅም። ከፈተችው። ጸሐፊ በሚለው ቦታ የራሷ ስም ቁጭ ብሏል። ከሥሩ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ አለ፦ saxinu sikefet motoru ayxifa። ሳጥኑ ሲከፈት ሞተሩ አይጥፋ ማለት ነው።

የኑሃሚን ፊት አመድ መሰለ። «እኔ አይደለሁም! በእናቴ፣ እኔ አይደለሁም!»

«ስሟ ነዋ!» አለ አለምሰገድ፣ ስልኩንም አንስቶ ወጣ።

«ማሽኑ ስም ያጣራል?» አለች አገርነሽ፣ ዓይኗን ከዚያች መስመር ሳታነሳ።

«አያጣራም። የጻፉለትን ይቀበላል። የይለፍ ቃሉም አንድ ነው። እኔ፣ አለምሰገድና ኤፍሬም እናውቀዋለን፤ ኤፍሬም ድሮ ከእኛ ጋር ኮድ ይጽፍ ነበር። አቶ ክብሩ ኢሜይላቸውን እንኳ እኛ ነን የምንከፍትላቸው።»

ወዲያው የአገርነሽ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው። «የልጅቷ ስም ተገኝቷል አሉ። ምን ትጠብቂያለሽ? ይዘሻት ነይ!»

«ስም ማንም ይጽፋል ጌታዬ።»

«ለለቅሶ የወጣው ሕዝብ ወደ ሲቀላ ከመውረዱ በፊት የሚታሰር ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ ዘጋው። የሚታሰር ሰው! ያጠፋ ሰው አላለም። አገርነሽ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ከጫኖ የተመለሰውን ኤፍሬምን ጨምሮ ሁሉንም ወደ አቶ ክብሩ ክፍል ጠራች። ቤተልም ከጫኖ በባጃጅ መጥታ ነበር፤ በሩ አጠገብ ቆመች።

አገርነሽ ከቦርሳዋ ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልኳን አወጣች። «ይቺ ስልኬ የአማርኛ ፊደል አታነብም። ሳጥኑን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደነካችሁት በላቲን ጻፉና ላኩልኝ። አሁኑኑ!»

«ይሄ ምን ይጠቅማል?» አለ ኤፍሬም።

«የምታዘኝ አንተ ነህ?»

ጻፉ። ስልኳ ጢጥ ጢጥ አለ። አንዱን ካንዱ እያስተያየች አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዘርአብሩክ ማጥፊያውን በሽቦ አላሰረም» አለች። «ማጥፊያዋን በእጄ ዳስሻለሁ። ሽቦ አልነካትም፤ በትክክልም ትሠራለች። በሩ ተከፍቷል ብላ ተናግራለች፤ የሚሰማት አልነበረም እንጂ። በዓይኔ አየሁ ያለኝ ሰው ዋሽቶኛል።»

ኤፍሬም አፉን ከፈተ። «ቆይ!» አለችው።

«አቶ ክብሩ፣ ገበሬዎቹ የጮኹት ማጥፊያው ርካሽ ስለሆነ ነው። ማጥፊያው ሳይቀየር ጩኸቱ ቆመ። ፕሮግራሙ በሩን መስማት አቁሟል ማለት ነው። ማጥፊያውን የገዛው ማን ነው?»

«ኤፍሬም ነው» አሉ አቶ ክብሩ ቀስ ብለው።

«ደግሞም ሥራው ብልጠት አለበት። የኑሃሚንን ኮድ አልነካም፤ ብታነበው ልክ ነው። የለጠፈው ቢልዱ መሃል ነው፣ ማንም በማያይበት፤ ስሟንም ጻፈበት። ስም መስረቅ ቀላል ነው። እጅ ግን አይሰረቅም።» ስልኩን አነሳች። «ሳጥን የሚለውን ኑሃሚን በቲ ጻፈች። አለምሰገድም በቲ። እርስዎም እንዲሁ። አንድ ሰው ብቻ የ‹ጥ›ን ድምፅ በኤክስ ጻፈው። saxinun nekiche alawqim። ሳጥኑን ነክቼ አላውቅም!»

ኤፍሬም ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እኔም ጋሞ ነኝ» አለች አገርነሽ፣ ዓይኗን ኤፍሬም ላይ ተክላ። «በእኔ ጊዜ በአማርኛ ነው የተማርነው። ከኔ በኋላ የመጡት ግን አንደኛ ክፍል በጋሞኛ፣ በላቲን ፊደል ተማሩ። እዚያ መጽሐፍ ላይ ጥ ኤክስ ናት። ልጄ አቢጋኤል አማርኛም ብትጽፍልኝ እንዲሁ ነው፤ በልጅነት የያዘ እጅ አይለቅም። ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ሳጥንን በኤክስ አትጽፍም። የዚህን ማሽን የይለፍ ቃል ከሚያውቁት ሦስት ሰዎች መሃል እዚህ አገር አንደኛ ክፍል የገባኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«በኤክስ የሚጽፍ ስንት ሺህ ሰው አለ!» አለ ኤፍሬም።

«አለ። ያንን ማጥፊያ የገዛ፣ የሌለ ሽቦ ያየ፣ የዚህን ማሽን ቁልፍ የያዘ ግን አንድ ነው። ዛሬ ጠዋት የደወለውንም ቴሌ ይነግረኛል። እሱን ራስህ ብትነግረኝ ይሻልሃል።»

ኤፍሬም ግንባሩን ጠረገ። «ይሞታል አላልኩም» አለ በመጨረሻ። «ማጥፊያው ይቀየር ብል የገዛሁት እኔ ነኝ፣ መሳለቂያ ልሆን ነው። ዘርአብሩክ ለአቶ ክብሩ እናገራለሁ እያለ አስጨነቀኝ። ተስተካክሏል ብዬ... ዝም እንዲል ብዬ ነው።»

«ዝም አለልህ!» ጮኸች አገርነሽ። «ተከፍቶ እንደሚነሳ እያወቅህ እጅህን ክተት አልከው! ሬሳው ሳይነሳ ደግሞ ወነጀልከው! ያ አልበቃ ብሎህ ይቺን ልጅ ወህኒ ልታስገባት!» አብሯት ለመጣው ፖሊስ ምልክት ሰጠች፣ ኤፍሬም በካቴና ታሰረ። ወደ አለቃዋ ደውላ «የሚታሰረውን አግኝቻለሁ፤ ያጠፋውም እሱው ነው» ብላ ዘጋችው።

ኑሃሚን ወንበር ላይ ዘፍ አለች። አለምሰገድ «ይቅርታ፣ እኔ እኮ...» ሲላት ፊቷን አዞረችበት።

አቶ ክብሩ በረጅሙ ተነፈሱ። «ተመስገን፣ እውነቱ ወጣ። ልጄ፣ አንቺም ነፃ ወጣሽ።»

«ያ ፓች ያለበት ሳጥን ስንት ማሳ ላይ ነው ያለው?» አለች ኑሃሚን።

«ኧረ ብዙ ነው። ግን ዛሬ ብንናገር ገበሬው ያፈርሰናል። አንቺ አስተካክዪው፣ ቀብሩ ይለፍ፣ ከዚያ ቀስ ብለን...»

«ቀስ ብለን?» ኑሃሚን ብድግ አለች። «አሁን በዚህች ደቂቃ አንዱ በሩን እየከፈተ ቢሆንስ? ቀስ ብለን?»

አገርነሽ አፏን ከመክፈቷ በፊት ቤተል ከበሩ ተነስታ መጣች። ማንንም ሳታስፈቅድ የአቶ ክብሩን ስልክ ከጠረጴዛው አነሳች፣ አስከፈተቻቸው፣ ከደንበኞቹ ስም መሃል የመጀመሪያውን ነካች። ሲያነሱላት በጋሞኛ ተናገረች፤ ድምጿ አልተሰበረም።

«የዘርአብሩክ እህት ነኝ። ሳጥኑን እንዳትከፍቱ፣ ልጆቹንም አርቁ። ወንድሜን የገደለው እሱ ነው። በሽቦ አስሮ ነው ያሏችሁ ውሸት ነው፤ ወንድሜ ምንም አላጠፋም።»

ዘግታ ቀጣዩን ስም ነካች። ያንኑ ደገመች። አቶ ክብሩ፣ አለምሰገድና ኑሃሚን ቋንቋውን ስለማይሰሙ ዝም ብለው ያይዋታል። በካቴና የታሰረው ኤፍሬም ግን እያንዳንዷን ቃል ይሰማ ነበር፤ ፖሊሱ እንሂድ ሲለው አገርነሽ «ይቆይ፤ ደውላ እስክትጨርስ ይስማ» አለች።