የአንጓች ዋስትና

በሰንደራ መንግሥት፣ ንጉሥ ሐርማት ዘውድ የጫነበት በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ የንጉሡ ካባ አለቀሰ። ሕዝቡ አደባባዩን ሞልቶ፣ መለከት ነፊዎች ትንፋሻቸውን ሰብስበው ሳለ፣ ያ ከጉም የተሸመነ፣ በምድር አቻ ያልተገኘለት ካባ በሕፃን ድምፅ «ጓጓ» አለ። ከዚያም ተንሰቀሰቀ።

የቤተ መንግሥቱ ሊቃውንት ወዲያው ተሰብስበው መከሩ። «ጓጓ ማለት ተመኘ ማለት ነው፤ የግርማዊነትዎ ካባ የጎረቤትን አገር ተመኝቷል» ብለው ፈቱት። በዚህ ፍቺ የተነሣ ጦር ይሳል፣ ስንቅ ይሰናዳ ተባለ። ሊቅ ሲሳሳት እንዲህ አገር ይዞ ነው።

ከሕዝቡ መካከል ግን ኩርባዋ ከምትባል መንደር የመጣች አንጓች የምትባል ልጅ ድምፁን አወቀችው። ይህን ቃል እንዲያ አድርጎ የሚጠራ አንድ አፍ ብቻ ታውቃለች። ታናሽ ወንድሟ ጥላዬ ገና ኮልታፋ ሳለ «አንጓች» ማለት አቅቶት «ጓጓ» ይላት ነበር፤ አፉን ከፈታ በኋላም አልተወውም።

ጥላዬን አሳልፋ የሰጠችው እሷው ነበረች። አባታቸው በሞተ ጊዜ እትዬ ልዝቤ የምትባል የተከበረች እንግዳ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ከቤተ ዘመድ በላይ አለቀሰች፤ የታመመችውን እናታቸውን እግር አጠበች። በመጨረሻም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል። ይህን እኔ ልውሰደውና ላስተምረው፤ ፊደል ቆጥሮ ይመጣላችኋል» አለች። እናቲቱ በትኩሳት አፏ ተይዞ ስለነበር አንጓች የወንድሟን እጅ አንስታ በሴትዮዋ እጅ ላይ አኖረችና «አደራ» አለች። ወዴት እንደምትወስደው አልጠየቀችም። በሰንደራ እንግዳን «ወዴት?» ማለት ነውር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ያ ጨዋነት የበላውን ልጅ ያህል የትኛውም ጦርነት አልበላም። እትዬ ልዝቤ ይህን ነውር አሳምራ ታውቀዋለች፤ በየለቅሶው ቤት ትገባለች፣ ከየቤቱ ልጅ ይዛ ትወጣለች።

በዚያ አገር አደራ ተራ ቃል አይደለም፤ ከሰይፍ የሚበልጥ አስማት ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ። በአደራ የተሰጠን ልጅ ጦር አያስመልሰውም፣ ንጉሥም አያዝበትም። የሚያስመልሰው ራሱ የሰጠው ሰው ነው፤ እሱም ተቀባዩ ፊት ቆሞ ሲጠይቅ ብቻ። አንጓች በአደባባዩ ላይ አፈር ዘግና «ጥላዬን ሳልይዝ የእናቴን ደጅ ብረግጥ ይህ አፈር ይብላኝ» ብላ ማለች።

ካባው የት እንደሚሸመን የሚያውቅ ሰው ስታፈላልግ፣ በከተማው በር እንጨት የሚፈልጥ አንድ ሽበታም ሰው አመለከቷት። ስሙን ጠየቀችው።

«ማነህ» አላት።

«ስምህን ነው የጠየቅኩህ፣ አባቴ።»

«እሱኑ ነው የነገርኩሽ፣ ልጄ። ሰው ሁሉ ‹አንተ ማነህ!› እያለ ይጠራኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ። ሌላ ስም አላውቅም።»

ማነህ በልጅነቱ በዳምጠር ተራራ ጉም ይሸምን ነበር። የጉም ክር ከልጅ ቀጭን ጣት በቀር አይያዝም፤ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ከልጁ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። በመጀመሪያ የመንደሩን መንገድ፣ ቀጥሎ የእናቱን ፊት፣ በመጨረሻም ስሙን ይወስዳል። የማነህ ጣቶች ሲወፍሩ ከተራራው አውጥተው ጣሉት። ከዚያ ወዲያ መቶ በር ቢያንኳኳ ማን ነኝ ብሎ ይግባ?

«አባቴ፣ ያንን ስፍራ ዳግም እንድታየው መለመኔን ይቅር በለኝ» አለች አንጓች።

መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተክሎ ተነሣ። «እኔን ፈልጎ የመጣ ሰው አልነበረም። ለአንዱ እንኳ ሲመጣለት ልይ።»

ዳምጠርን የከበበው ጉም ሰው ይውጣል። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ ጉምጋጭ የሚባለውን አውሬ አጠመዱ፤ ቁመቱ ጎሽ የሚያህል፣ ዓይነ ስውር፣ ሣር ትቶ ጉም የሚግጥ ፍጥረት ነው። እሱ እየጋጠ፣ እነሱ ጭራውን ይዘው ወጡ። ግራና ቀኝ በጉሙ ውስጥ የጠፉ ድምፆች ይጣራሉ፤ ማነህ ግን «አትመልሺላቸው፤ ዞር ያለ አይመለስም» ይላታል። አውሬው ከሸማኔዎቹ ዋሻ በር ሲደርስ ሆዱ ተነፍቶ ተንበረከከ፤ አንድ ጊዜ ተንፍሶም ሞተ። አንጓች ግንባሩን ዳሰሰችው።

በዋሻው ውስጥ ልጆች በየሸማው ዕቃ ላይ ጎብጠው ነበር። የሚሰማው የመወርወሪያ ድምፅና ሳል ብቻ ነው። ጥላዬን ከዳር አገኘችው። ከስቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል። ስሙን ብትጠራው ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ግን እንግዳ ሰው እንደሚያይ ነበር።

«እመቤት፣ ክሩን እንዳይረግጡብኝ» አላት። አንጓች እግሯን ከክሩ ላይ አነሣች።

እትዬ ልዝቤ ከጓዳ ብቅ አለች፤ እንደ ወትሮዋ ፈገግ ብላለች። «ደህና መጣሽ፣ ልጄ። እናትሽ ተሻላት?»

«አደራዬን መልሺልኝ» አለች አንጓች።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሕግ አልጥስም። ያንቺን ውሰጂ» አለች ልዝቤ። በእጇም ወደ ሌሎቹ አመለከተች። «የእነዚህ ሰጪዎች ግን አልመጡም። ወዴት እንደምወስዳቸው የጠየቀኝ የለም፤ ብጠየቅ እኮ እናገር ነበር።»

አንጓች የወንድሟን እጅ ይዛ ወደ በሩ ዞረች። ገና ሁለቴ ሳትራመድ፣ ልዝቤ ከእሱ የምታንስ ልጅ አምጥታ በተነሣበት ቦታ አስቀመጠቻት። ልጅቱ እግሯ መርገጫው ላይ አልደርስ ብሏት ወደ ፊት ተንሸራተተች። አንጓች ይህን አይታ መሄድ አልቻለችም።

በአደራ ሕግ ውስጥ ማንም የማይነካው አንድ አንቀጽ አለ፤ ዋስትና ይባላል። ዋስ የሆነ ሰው በሌሉት ወላጆች ፈንታ ልጆቹን ያስወጣል፤ ክሩ የወሰደባቸውም ይመለስላቸዋል። እሱ ግን በስፍራቸው ይቀራል፤ የእያንዳንዱ ልጅ ሰጪ ልጁን በእጁ ይዞ «ተረክቤያለሁ» እስኪል ድረስ ከተራራው አይወጣም።

«ዋስ እሆናለሁ» አለች አንጓች።

የልዝቤ ፈገግታ ጠፋ። «ለየትኞቹ?»

«በአደራ ወደዚህ ቤት ገብተው ላልተጠሩት ሁሉ።»

ማነህ ክንዷን ያዛት። «‹ሁሉ› አትበይ፣ ልጄ። ዛሬ እዚህ ያሉትን ብለሽ ወስኚ። እኔም ከገቡት ነኝ። የሰጡኝ ሰዎች በሕይወት አይኖሩም፤ ማን መጥቶ ተረክቤያለሁ ይልልሻል? በእኔ ምክንያት መቼም አትወጪም።»

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«እኔ እኮ ልጅ አይደለሁም። ተይኝ።»

«ስትሰጥ ልጅ ነበርክ። ጣትህ ወፍሯል ብዬ ብተውህ ከእነሱ በምን ተለየሁ?» አለችና ቃሏን ደገመችው። «ለሁሉም!»

ክሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተበጠሰ። ጉሙ እንደ እንፋሎት ተኖ ወጣ፤ ልጆቹም ስማቸውን እየጠሩ ይጮኹ ጀመር። ማነህ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ «ሸጋው፤ እናቴ ሸጋው ነበር የምትለኝ» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጥላዬም እህቱን አወቃት፤ ሮጦ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ያወቃት ልትለየው ስትል ነበር። «እኔም ካንቺ ጋር ልቅር» እያለ ሲታገል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከልብሷ ያላቀቀችው ራሷ ናት። ሸጋው በትከሻው ተሸክሞት ወረደ።

በዚያው ሰዓት ንጉሡ ጦሩን ሊሸኝ አደባባይ ቆሞ ሳለ ካባው ተኖ ጠፋ፤ ንጉሥ ሐርማትም በእጀ ጠባቡ ቀረ። ጦርነቱ ቀረ፣ ሊቃውንቱም አፈሩ። እትዬ ልዝቤን የሚያስገባ ለቅሶ ቤት ጠፋ። በየመንደሩ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው «ተረክቤያለሁ» እያሉ እልል አሉ፤ አንጓችም በተራራው ላይ ቃሉን በሰማች ቁጥር ሸክሟ አንድ አንድ እያለ ቀለለ። እናቷ ጥላዬን ስታቅፍ ግን እልል አላለችም። በሩን እያየች «አንዷስ?» ብላ ጠየቀች።

በመጨረሻ ያልተረከቡት ልጅ ሸጋው ብቻ ሆነ። ስሙን ይዞ አገር ለአገር ዞረ። «ሸጋው የሚባል ልጅ በአደራ የሰጠ ሰው ታውቃላችሁ?» እያለ ደጅ ያንኳኳል። ልጆች ደግሞ «ሽማግሌ እናቱን ይፈልጋል!» እያሉ ይስቁበታል። አንዳንድ ደግ ሴቶች «ልጄ ነህ» ሊሉለት ሞክረዋል፤ ተራራው ግን ውሸት አይቀበልም። ከዓመታት በኋላ በአንድ ሩቅ ቀበሌ የእናቱን መቃብር አሳዩት። ቀኑን ሙሉ ድንጋዩ ሥር ተቀምጦ «እማዬ፣ ተረክቤያለሁ በይ» ሲል ዋለ።

ከዚያም ተነሥቶ ወደ ዳምጠር ወጣ። በበሩ ድንጋይ ላይ እጁን አኖረ።

«አገኘሃት፣ አባቴ?» አለች አንጓች ከውስጥ። ድምፅዋ ያለ ዕድሜዋ የአሮጊት ሆኗል።

«ገና ነኝ፤ እየፈለግኩ ነው» አለ ሸጋው።

«አይዞህ» አለችው። «ትገኛለች።»