የእሁድ ቃል

አስተማሪ ቡዜ የሞተው ከወዳጆቹ ጋር እየተጫወተ ነው። መቶ አለቃ ሰንበታ ናዝሬት ወደሚገኘው ጠጅ ቤት ሲደርስ፣ አስከሬኑ በነጠላ ተሸፍኖ ከአግዳሚው ሥር ተጋድሟል። አጠገቡ የወደቀው ብርሌ የአይጥ መርዝ ይሸታል።

«ጠጁ የእሷ ነው፤ እሷ ትታሰር!» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁንዴ፣ የቤቱን ባለቤት አሰፋሽን እያመለከተ። የቡዜ አብሮ አደግ ነው። ዘመኑ ሁሉም ሰው ጓድ የሚባልበት ስለነበር፣ የልብ ጓደኛን መለየት ቸግሮ ነበር።

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነበር?» አለ ሰንበታ።

«እሁድ እሁድ አንድ ቃል እናነሳለን፤ ሁሉም ከራሱ ኑሮ ይፈታዋል» አለ ባለ ሱቁ ደሊል፣ የቀዘቀዘ ሻዩን ገፋ አድርጎ። «ባለፈው ‹ዝናብ› ነበር። ለእኔ የጃንጥላ ገበያ፣ ለአሰፋሽ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ለቡዜ ደግሞ ባዶ ክፍል።»

«ዛሬስ?»

«‹ወንድም›።»

አሰፋሽ እንባዋ መጣ። «ወንድሜን ጠቁሞ ያሳሰረውን ሰው ቡዜ ደርሶበታል። ትናንት ሁንዴና ደሊል እየሰሙ ‹ነገ ከጨዋታው በኋላ እነግርሻለሁ› ብሎኝ ነበር።»

«ጠጁን ማን ቀዳለት?»

«እኔ» አለ ሁንዴ። «ቀምሼ ነው የሰጠሁት፤ ደህና ነበር። ኋላ እሷ ጨመረችለት።»

«ኧረ አልጨመርኩም!»

«እንዴት ነው የቀመሱት?» አለ ሰንበታ።

«እንደ ወጉ ነዋ! ግራ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ።»

ሰንበታ የሁንዴን ግራ እጅ ትክ ብሎ አየ። መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ሞተር ብስክሌቱ አቃጥሎት፣ ጠዋት እኔ ነኝ ያሰርኩለት» አለ ደሊል። «ቋጠሮው ላይ ያለው ቀይ ክር የሱቄ ነው።»

ሰንበታ ሦስቱንም ጨዋታው የነበረበት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው።

«ደሊል እንደነገረኝ፣ አሰፋሽ ማንቆርቆሪያውን ስታቀርብ ፊታችሁ ቀምሳለች፤ ኋላም ወደ ብርሌው አልቀረበችም። ጓድ ሁንዴም ከዚያው ጠጥተው ይኸው ደህና ናቸው። ስለዚህ መርዙ የገባው ብርሌው ውስጥ ነው። እስቲ መዳፍዎን ይዘርጉ።»

ሁንዴ ዘረጋ። ቀዩ ክር እንደታሰረ ነው፤ ፋሻውም ነጭ ነው።

«ጠጅ የነካው ፋሻ ቢጫ ይሆናል፤ ማሩም ያጣብቀዋል። ‹መቅመሱን ረሳሁ› ቢሉ ማንም አይፈርድብዎትም ነበር። ያልቀመሱትን ቀመስኩ ያሉት ብርሌው ውስጥ ያለውን ስለሚያውቁ ነው። ቡዜ ስምዎን ሊናገር ነበር።»

ሁንዴ መዳፉን ጨበጠ።

«ቡዜ ቃሉን እንዴት ፈታው?» አለ ሰንበታ።

ደሊል ወደ አስከሬኑ ዞረ። «‹ወንድም ማለት፣ ቀመስክ ወይ ብዬ የማልጠይቀው ሰው ነው› አለና ብርሌውን ከሁንዴ እጅ ተቀበለ።»

«ጓድ ሁንዴስ ምን አሉ?»

«ተራው አልደረሰም ነበር።»

አሰፋሽ ተነሥታ ሁንዴ ፊት ቆመች። «ወንድሜ የተያዘ ዕለት እዚሁ ተቀምጠህ አብረኸኝ አለቀስክ» አለችው። «በል፣ ተራህ ነው። ፍታው።»