አፉ የተሰፋ ኪስ

ሰው ነግሮኝ ብቻ የማወራላችሁ አይደለም። ኮቱን በእጄ ነክቼዋለሁ። ጭቃውን በብሩሽ ያራገፍኩትም እኔው ነኝ።

ማመን አለማመን የናንተ ነው... እኔ ልብስ እንጂ ወሬ አልሰፋም። ትምህርቴም ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ይሄን ያህል ለመዋሸት አይበቃም።

ቦታው ሰበታ። ጊዜው ባለፈው ጥቅምት፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ፀሐይ ፍንትው ብላ ነው የሆነው።

መጀመሪያ ስለ ኮቱ ልንገራችሁ።

በኦቦ ገርባ ግቢ ዘጠኝ ተከራዮች ነን። ኦቦ ገርባ አከራያችን ናቸው፤ አያት ቅድመ አያታቸው እዚሁ ዙሪያ ያረሱ፣ እሳቸውም ዛሬ ድረስ ሞፈር ያልሰቀሉ ሰው። ተከራዩ ግን አብዛኛው ለፋብሪካ ሥራ ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው። በግቢያችን ሥራ ፈላጊ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ኮት ነው። ስለዚህ የሁላችን የሆነ አንድ የኢንተርቪው ኮት አለን። ጥቁር፣ ከሰልባጅ የተገዛ፣ እኔ ያስተካከልኩት። በረንዳዬ ላይ፣ ከስፌት መኪናዬ በላይ ካለው ሚስማር ላይ ይውላል፣ ያድራል።

የግራ ኪሱ ድሮም የውሸት ነው። የቀኙን ግን አፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ሲጨንቃቸው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይወትፋሉ። አሠሪ ፊት እንደዚያ ተቁሞ ሥራ አይገኝም!

ኮቱ ሕግ አለው። ለብሶት ሥራ ያገኘ ሰው አጥቦና ተኩሶ ሲመልሰው፣ ገበሩ ላይ በፈለገው ክር አንዲት ስፌት ይጥልበታል። ዕድሉ ለሚቀጥለው እንዲተርፍ።

ስድስት ስፌት ነበረው።

ስድስተኛዋ ሰማያዊ ነበረች... የሮዳስ።

ሮዳስ ከሆሳዕና የመጣች መለሎ ልጅ ነበረች። ስትስቅ ከግቢው በር እስከ ጓሮ ይሰማል። በዚህ ኮት ተፈትና አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ገባች።

ሚያዝያ ላይ የማቅለሚያው ክፍል የእንፋሎት ቧንቧ ፈነዳ። ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

በሩ ደግሞ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር።

የሚቆልፈው የፈረቃው አለቃ አቶ ተረፈ ነው፤ ሠራተኛ እየወጣ ሥራ እንዳያቋርጥ ብሎ። ስታንኳኳ የሰሙ ነበሩ። ሦስት ጊዜ... ዝም... ሦስት ጊዜ። አቶ ተረፈ በዚያ ሲያልፍ፣

"ሥራሽን ስትጨርሺ ትወጫለሽ!" ሲል የሰሙም ነበሩ።

ፖሊስ ሲመጣ ግን ጓጉንቸሩም የለም፣ ቁልፉም የለም። የሰማ ሁሉ አልሰማሁም አለ... እንጀራ ነዋ። ፋብሪካው ለቤተሰቧ የላከው ደብዳቤ፣ "አደጋው የደረሰው በሟቿ በራሷ ግድየለሽነት ነው" ይላል።

ደብዳቤውን የተቀበለችው ታናሽ እህቷ ትህትና ናት።

ትህትና የሥራ ደህንነት ዲፕሎማዋን ይዛ መጥታ የእህቷ ክፍል ገባች። አራት ቦታ ተፈትና አራቱም ቦታ ወደቀች። መስከረም ላይ ያ ፋብሪካ ራሱ ማስታወቂያ አወጣ... "የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ እንፈልጋለን።"

አመለከተች።

እናታቸው አንድ ናት፣ አባታቸው ግን ይለያያል። ሟቿ ሮዳስ ኤርጫፎ፣ ይቺ ትህትና ላምቤቦ። አቶ ተረፈ ስሟን ቢያነብ ምን ይጠርጥር? በእናት በኩል የሆነ እህትነት ወረቀት ላይ አይታይም!

"ሥራውን ነው የፈለግሽው ወይስ ሰውየውን?" አልኳት።

"ሁለቱንም፣ እትዬ ሰብለ።"

"አንዱን ምረጪ። በአንድ ኮት ሁለት ሠርግ አይኬድም።"

አልሳቀችም።

"ያ ደብዳቤ ውሸት መሆኑን ከራሱ አፍ መስማት አለብኝ። ከዚያ ወዲያ ቢፈልጉ አይቅጠሩኝ።"

ሐሙስ ለታ ተደወለላት። ሰኞ አራት ሰዓት ቅረቢ ተባለች።

አርብ ጠዋት ኮቱን ልተኩስ ሳወርደው... ጠርዙ እርጥብ ነው።

ጤዛ ነው አልኩ። ጤዛ ግን ጣራ ሥር ያለ ልብስ ላይ አይወርድም።

ቅዳሜ ጠዋት ጭቃ ነበረበት። ጥቁር፣ የሚለጠፍ ጭቃ። ከጭቃው ጋር የፊላ፣ የውሃ ዳር ሣር፣ ስባሪ ተጣብቋል። ግቢያችን ኮብልስቶን ነው። ፊላ ከየት ይመጣል?

ኦቦ ገርባን ጠራኋቸው። ጥጃዎ በረንዳዬ ላይ ምን ይሠራል ብዬ ልቆጣ።

ጭቃውን በሁለት ጣታቸው አሹት። አሸተቱት።

"ኬኛ ሚቲ፣ ሰብሌ። የኛ አይደለም" አሉ። "ይሄ መረሬ ነው። ውሃ የተኛበት መረሬ። ተፍኪ ነው ያለው፣ አዋሽ ዳር።"

"አፈር በማሽተት አገሩን ያውቁታል?"

"አንቺ ጨርቅ በመንካት የመጣበትን ታውቂ የለ?"

እውነታቸውን ነው። ከሰበታ ተፍኪ በእግር የሚደረስበት አይደለም። ለኮት ደግሞ...

ለትህትና አልነገርኳትም። ፈተና ያለባት ልጅ አይረበሽም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለልምምድ ተቀመጥን። እኔ አሠሪ፣ እሷ ተፈታኝ። መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አድርጌ መቀሴን እንደ እስክሪብቶ ያዝኩ። እሷ ኮቱን ለብሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

"ስለ ራስሽ ንገሪን፣ ወይዘሪት።"

ነገረችኝ። ጥሩ ነው።

"ድክመትሽ ምንድን ነው?"

"ሥራ ስይዝ ምግብ መርሳቴ።"

"ትናንት ሽሮዬን ጠራርገሽ የበላሽው ማን ነበር ታዲያ? ሌላ ፈልጊ!"

ፈገግ አለች። ደስ አለኝ። ቀጠልኩ።

"ለምንድን ነው አንቺን የምንቀጥርሽ?"

ኳ... ኳ... ኳ።

"ጠረጴዛውን አታንኳኪ! የፈራሽ ያስመስልብሻል።"

"እኔ?"

ኳ... ኳ... ኳ።

"ትህትና! እጅሽን ሰብስቢ አልኩሽ!"

"እትዬ ሰብለ..." አለች በሹክሹክታ። "እጄ እኮ እዚህ ነው።"

ሁለቱም እጆቿ ጉልበቷ ላይ ነበሩ። ተቆላልፈዋል።

በስመአብ አልኩ። እሷ በኢየሱስ ስም አለች። ሁለታችንም ተነሥተን ቆምን።

የዚያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት... ኮቱ ለትህትና ይሰፋት ነበር፤ ሮዳስ ረጅም፣ እሷ አጭር ናት። ላሳጥርላትና ላስጠብብላት ለእሁድ ቀጥሬ ነበር። አሁን ግን ትከሻው ልክክ ብሏል። እጅጌው አንጓዋ ላይ ቆሟል።

መርፌ አላስነካሁትም።

"ላውልቀው?" አለች።

ላስወልቃት ነበር። ግን ኮቱን በሁለት እጇ ወደ ራሷ ሰብስባ ያዘችው። ብርድ እንደያዘው ሰው... ወይም እንደታቀፉት ሰው።

"ይቅር" አለች። "አልፈራሁም።"

ሰኞ ጠዋት ከኮቱ ላይ ጭቃ አልጠፋም። በብሩሽ ፈግፍጌ አራገፍኩላት። ቀኝ ኪሱ ከበድ ያለ መሰለኝ፤ ዳበስኩት። ስፌቴ እንዳለ ነው። የእኔው ክር፣ የእኔው ቋጠሮ።

"በርቺ፣ አስለቅሺው" አልኳት ስትወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ራሷ ነች የነገረችኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ አጸደ፣ እና አቶ ተረፈ። ከአደጋው በኋላ ሹመት ጨምረውለት የምርት ክፍል ኃላፊ ሆኗል። ወፍራም የጋብቻ ቀለበቱን እያዟዟረ ማመልከቻዋን አገላበጠ።

"ትህትና ላምቤቦ። የሆሳዕና ልጅ ነሽ?"

"አዎ።"

"የሆሳዕና ሰው ታታሪ ነው። አንዳንዱ ግን ይደነግጣል።" ሳቀ። "እዚህ አንድ አደጋ ደርሶ ነበር። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"በዚያ ቀን አንቺ ተቆጣጣሪ ብትሆኚ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?"

ይሄን ጥያቄ አልተለማመድነውም። እሷ ግን ዓይን ዓይኑን እያየች መለሰች።

"በሩን አስከፍት ነበር።"

የቀለበቱ መዟዟር ቆመ።

"በሩ አልተቆለፈም ነበር። ሪፖርቱን አላነበብሽም?"

ኳ... ኳ... ኳ።

"ይግቡ!" አሉ ወይዘሮ አጸደ ወደ በሩ እያዩ።

የገባ የለም።

ኳ... ኳ... ኳ።

ድምፁ ከበሩ አልነበረም። አቶ ተረፈ ያወቀ ይመስላል። ዓይኑ ኮቱ ላይ ተተከለ።

ትህትና ቀኝ እጇ ወደ ኪሷ ሲሄድ አየችው። እኔ አልላክሁትም ትላለች። ሰው የሌላን ሰው እጅ እንደሚያይ ነው ያየሁት ትላለች። የተሰፋው ኪስ ተፈታ... ክሩ ሲበጠስ እንኳን አልተሰማም። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ውሃ አለው። ጥልቅ ነው... እጇ እስከ ክርኗ ገባ።

ያወጣችውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ቁልፍ ነው። የጓጉንቸር ቁልፍ። ዝጓል። አንድ የፊላ ክር ተጠምጥሞበታል። ማመልከቻዋ ላይ ጥቁር ውሃ አንጠባጠበ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ ወይዘሮ አጸደ።

ትህትና ዝም አለች።

አቶ ተረፈ ግን ዝም ማለት አልቻለም።

"አይሆንም... ይሄማ አይሆንም! ተፍኪ ድልድዩ ላይ ሆኜ እኮ ነው የጣልኩት! በገዛ እጄ ነው የወረወርኩት!"

ወይዘሮ አጸደ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

"ምኑን ነው የወረወሩት፣ አቶ ተረፈ?" አሉ ወይዘሮ አጸደ ቀስ ብለው።

አፉን በእጁ ያዘ። ምን ዋጋ አለው... የወጣ ቃል ወጥቷል።

ወይዘሮ አጸደ የተናገረውን ቃል በቃል ጻፉት። ሌላ ወረቀት አጠገባቸው አልነበረም፤ የጻፉት በትህትና የፈተና ነጥብ መስጫ ጀርባ ላይ ነው። ፖሊስ መጥቶ አቶ ተረፈን ወሰደው። እሳቸው ውሃ ጠጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያም የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቁ።

"ሥራ መቼ መጀመር ትችያለሽ?"

የዚያን ቀን ግቢው እልል አለ። ትህትና ኮቱን አጥባ ተኩሳ መለሰችው። ሰባተኛዋን ስፌት በቀይ ክር፣ ከሰማያዊዋ ጎን አስጠግታ ጣለቻት። ኪሱን እኔ መልሼ ሰፋሁት፤ በጥቁር ክር። ጠርዙ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረቅ ሆኖ ከረመ።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ ተረፈ በዋስ ተፈታ።

"ቡራዩ ነው አሉ" አለችኝ ትህትና። ፊቷ አመድ መስሏል። "ዘመድ ቤት ተደብቋል። የት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።"

ይሄን ያለችኝ በረንዳው ላይ ነው። ኮቱ ሥር ቆማ።

በማግስቱ ጠዋት ጠርዙ እርጥብ ነበር።

ኦቦ ገርባን ስጠራቸው ሳልነግራቸው ገባቸው። ጭቃውን በሁለት ጣታቸው አሹት። ቀይ ነው።

"ተፍኪ አይደለም" አሉ። እንደገና አሸተቱት። "የቡራዩ ነው፣ ከተራራው ሥር። ያ ዋቅ! አምላኬ! ሰብሌ፣ ይሄን ነገር እናቃጥለው።"

"አይቃጠልም" አለች ትህትና ከኋላችን።

ኦቦ ገርባ አዩዋት።

"ኢንተላ ኮ... ልጄ፣ ሕግ ይዞታል እኮ።"

"ሕግ ለቆታል፣ ኦቦ ገርባ። አንቱም ያውቁታል።"

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። እኔም የማልዋሻችሁ ነገር አለ... ብሩሼን አንሥቼ ቀዩን ጭቃ አራገፍኩ። ኮቱንም መልሼ ሰቀልኩት። መንገድ የሚሄድ ሰው ልብሱ ሊጸዳለት ይገባል።

ሦስት ጠዋት ቀይ ጭቃ አራገፍኩ።

በአራተኛው ጠዋት ስወጣ ኮቱ ደርቋል። ጭቃ የለበትም። ተኩሱ እንደ አዲስ ነው።

ቀኝ ኪሱ ግን አብጧል። የተሰፋበትም ክር የእኔ አይደለም... ሰማያዊ ነው።

የዚያኑ ዕለት ፖሊስ አቶ ተረፈን እየፈለገ ነው ተባለ። ዘመዶቹ ገብተው ሲያዩት የተኛበት አልጋ ሞቅ እንዳለ ባዶ ነበር። በሩም ከውጭ ተቆልፎ ነበር አሉ።

ትህትና የደህንነት ቆቧን በብብቷ ይዛ ወደ ሥራ ስትወጣ ኮቱ ሥር ቆመች። ጆሮዋን አስጠጋች።

ኳ... ኳ... ኳ።

ደካማ ነው። ከሩቅ፣ ከእንጨት በር ጀርባ እንደሚመጣ ነው።

"ሥራህን ስትጨርስ ትወጣለህ" አለችው።

ሄደች።

እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ኮቱ ንፋስ በሌለበት ከራሴ በላይ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። መኪናዬን ስረግጠው ምንም አይሰማኝም።

እግሬን ሳነሣ ግን...

ሦስት ጊዜ።

ዝም።

ሦስት ጊዜ።