ሊስቤት የምትባል ዳልያ

ሆልገር ቶሩፕ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከተንከባከባት አበባ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ውርጭ በወረደበት ማለዳ በአትክልት ቦታው ጎጆ ውስጥ ጭንቅላቱን በአካፋ ተመትቷል። ውርጭ እንዳይገድላት ከአፈር ያወጣት የዳልያ አበባዋ ሥር ከጎኑ በሱፍ የአልጋ ልብስ ተጠቅልላለች፤ እንደ ጣት ከተንዠረገጉት ሥሮቿ ሦስቱ የሉም።

ኢንስፔክተር ቦዲል ክራግ ከኦዴንሴ ከተማ ስትደርስ የጎጆው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ሰማች። አንዱ ጎረቤቱ ቬርነር ነው።

«ዘጠኝ ዓመት በዚያች አበባ የውድድሩን ዋንጫ ወሰደብኝ» አለ ሳይደብቅ። «ቁራጭ ስጠኝ ብለው ዘሯን ሰጥቶኝ ሳቀብኝ። ከዘር አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው! ያንን ቀይ ለማግኘት ሥሯን መክፈል የግድ ነው። ያቃጥል ነበር ሰውዬው!»

ሁለተኛዋ ሊስቤት ናት፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው አትክልት የእሷ ነው። ሆልገር ከማግባቱ በፊት እጮኛው ነበረች።

«ስሜን ለአበባዋ ሰጣት፤ ለእኔ ግን ቁራጯን ነፈገኝ» አለች በምሬት።

ሦስተኛዋ ሚስቱ ራግንሂልድ አትክልት ቦታውን ከረገጠች ዓመታት እንዳለፉ ተናገረች።

«እንዴት እንደሚያራቧት ያውቃሉ?» አለቻት ቦዲል።

«ከድንች በምን ትለያለች? ሥሯን መቅበር ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሥሮች ሊስቤት የአበባ ሥር ከምታከርምበት የአሸዋ ሣጥን ውስጥ ተገኙ።

«አንቺ ምን ይሳንሻል!» ብሎ ጮኸባት ቬርነር።

ቦዲል ሦስቱንም ጎጆው ውስጥ ሰበሰበቻቸውና ሥሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ድንች ዓይኑ ገላው ላይ ነው። ዳልያ ግን የምታቆጠቁጠው ከአሮጌው ግንድ ግርጌ ብቻ ነው። ሊተክላት የፈለገ ሰው ግንዱን ጨምሮ በቢላ ይቆርጣታል። እነዚህ አንገታቸው ላይ ተሰብረዋል፤ ቢቀበሩ ይበሰብሳሉ እንጂ አይበቅሉም።»

ቬርነር አንዱን አንስቶ አገላበጠው። «እውነቷን ነው» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ሊስቤት በዚህ አትሳሳትም።»

«አንተም አትሳሳትም። የወሰዳቸው ሰው ሊተክላቸው አላሰበም፤ ሊስቤት ላይ ሊያላክክ ነው። ቁልፍ ካላችሁት ውስጥ ዳልያን ከድንች የማትለየው አንዷ ብቻ ናት። ይህ የአልጋ ልብስስ ከማን አልጋ የመጣ ነው፣ ወይዘሮ ራግንሂልድ?»

ራግንሂልድ የምታየው ሊስቤትን ብቻ ነበር።

«በየዓመቱ ሥሯን ይከፍላል፤ በየዓመቱ ያው ቀይ፣ ያው አንቺ! አንድ ቀን እንኳ አልደበዘዝሽም። እኔ ዓይኑ እያየ ሸበትኩ። ዛሬ ማለዳ ውርጭ ወረደ ብሎ የአልጋ ልብሱን ከላዬ ገፎ ይዞላት ወጣ። ተከተልኩት። በርዶኛል አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ እሷን መጠቅለል ቀጠለ። አካፋው እዚያው ነበር።»

ቦዲል ክንዷን ይዛ ልታስወጣት ስትል ሊስቤት ተነሣች። ልብሱን ከአበባዋ ላይ ገፈፈችና በራግንሂልድ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት።

«ይበርድሻል» አለቻት።

ራግንሂልድ ጫፉን አሽትታ መሬት ላይ ጣለችው።

«አንቺን አንቺን ይሸታል» አለችና ወደ ውርጩ ወጣች።