ደረቁ ሽበት

ነብሩ ከቋጥኙ ላይ ተወርውሮ የበቅሎዋን ማጅራት ነከሰ። በቅሎዋ በኋላ እግሮቿ ቆመች፤ ከዚያ የውኃ ጀሪካኖቹን እንደ ተጫነች ገደል ገባች። ነብሩ ወደ ደን ጠባቂው ዞረ፤ ክንዱን ከትከሻው እስከ ክርኑ ቦጨቀው። እሱም በመጥረቢያው አናቱን ፈነከተው።

«ጋሼ! ክንድህ!» ብላ ጮኸች እህቱ።

«ክንዴ አለ፣ አልወደቀም። ይልቅ ውኃው!»

የቀራቸው አንድ ኮዳ ነበር።

እህቱ በኮሌጅ የዕፅዋት ቤተ ሙከራ ትሠራለች። ይህ የተራራ ደን ይቆረጥ አይቆረጥ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የደን ቢሮው ኃላፊ ይወስናል። የመቁረጫ ፈቃድ የጠየቀው ነጋዴ «እዚያ ያለው የሞተ እንጨት ነው» ብሏል። እሷ ደግሞ ግንዶቹን የለበሰው ሽበት የሚባለው ደቃቅ ተክል ሕያው እንደ ሆነ፣ ጉም እየጠጣ የእናታቸውን መንደር ምንጭ እንደሚመግብ በናሙና ማሳየት አለባት። ካልደረሰች መጋዙ ይገባል፤ ምንጩ ይነጥፋል። ሲወጡ እናታቸው «ሁለታችሁም በአንድ ቀን? አንዳችሁ እንኳ ቅሩልኝ» ብላ ነበር።

ቀትር ላይ ከትልቁ ጥድ ደረሱ። ሽበቱ ጠቁሮ፣ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ተኮማትሮ ግንዱ ላይ ተጣብቋል። ከጎኑም የሽበቱ ዘመድ የሆነ፣ እንደ ጉበት ጠፍጣፋ ተክል ደርቆ ተጠቅልሏል። ከሁለቱም ዘግና የወንድሟ ቁስል ውስጥ ጠቀጠቀችና በሻሿ አሰረችው፤ ደም የሚመጥ ሌላ ነገር አልነበራትም። ከዚያ ለናሙናው ሌላ ላጠች፤ እጇም እንደ ልማዱ ኮዳውን ደፋበት። ቤተ ሙከራ ውስጥ ደረቅ ሽበት ሕያው መሆኑ የሚታወቀው ውኃ ሲጠጣ ነው፤ እዚያ ግን ቧንቧ አለ። ቅጠሎቹ ተፍታቱ፤ አረንጓዴ ሆኑ። ፈገግ ብላ ወደ ወረቀት ከረጢት ስትከታቸው ኮዳው ቀለለባት።

«ጨረስሽው?»

ኮዳውን ገልብጣ አሳየችው።

«ለግንድ አጠጣሽልኝ! እኔም ቅጠል ባወጣ ይሻለኝ ነበር።»

ፀሐይዋ አናት በሳች። ወንድሟ ሁለቴ ወደቀ፤ በሦስተኛው አልነሳ አለ።

«ሂጂ። ለእማዬ ትንሽ አመመው በያት።»

«ራስህ ትነግራታለህ! ተነስ!»

ግንዶቹን አየች። እዚህ ሽበቱ ከሥር ብቻ ነው፤ ዝቅ ብሎ ያለው ዛፍ ላይ እስከ ጉልበት ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ወገብ። ወንድሟን ከግንድ ግንድ እየጎተተች ሽበቱ የወፈረበትን ተከተለች። በመጨረሻ እጇን ስታሳርፍ ጣቶቿ ረጠቡ። ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠባል። በደረታቸው ተኝተው ጠጡ።

ቀና ስትል ሁለት የነጋዴው እንጨት ቆራጮች ቆመዋል። አንዱ መጋዝ፣ ሌላው ጠመንጃ ይዟል።

«ሽበት ፍለጋ ይህን ሁሉ መንገድ?» አለ ባለ መጋዙ። «አባትሽ ራስ ላይ አልነበረም?»

ፀጉሯን ይዞ ግንባሯን ከግንዱ ጋር አላተመው። ከረጢቱን ነጥቆ ሻይ ከጣዱበት እሳት ውስጥ ወረወረው። እሷ፣ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ዓይኗን የምትጨፍነው፣ ድንጋይ አነሳች። መንጋጋው ሲሰበር ሰማች። ደገመችው። ሠለሰችው።

«በቃ! ገደልሽው እኮ!» አለ ወንድሟ።

ሰውየው ጥርሱን እየተፋ ዳኸ። ባለ ጠመንጃው ተኮሰ፤ ጥይቱ ከጆሮዋ አጠገብ ቅርፊት ፈለጠ። እየወደቁ እየተነሱ ቁልቁል ሮጡ። ተመልሶ ሌላ ናሙና ለመላጥ ጊዜ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኃላፊው ቢሮው ውስጥ ብዕሩን ይዞ ጠበቃት።

«ናሙናው የታለ?»

«ተቃጠለ።»

ወንድሟ ቆሞ ምንጣፉ ላይ ደም ያንጠባጥባል። ሻሹን አጥብቃ ልታስር ፈታችው፤ ጥቁር የደም ጓል መዳፏ ላይ ወደቀ። ትክ ብላ አየችው። የኃላፊውን የውኃ ብርጭቆ አነሳችና አፈሰሰችበት። ቀዩ ታጠበ፤ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ።

«ይኸውልዎት የሞተው እንጨት» አለ ወንድሟ።

ኃላፊው ብዙ አየው። ከዚያ ፈቃዱን ሳይፈርም መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ለእኔም ውኃ ይምጣልኝ» አለ ወንድሟ ወንበሩ ላይ እየተዘረጋ፤ «ትናንት ተራዬን ግንድ ወስዶብኛል።»

ቀዳችለት። ጥፍሮቿ ሥር የሰውየው ደም ደርቋል፤ እጇ ግን አልተንቀጠቀጠም። ከነብሩም ከጥይቱም ይልቅ ያስፈራት ይኸው ነበር።