ነፋሱ ይቀድማል

ካርቱኒስቱ ከዳንስ አዳራሹ መድረክ ሥር፣ ራሱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። እጁ ውስጥ «እንዝርት» የሚሏት ዳንሰኛ ስትሽከረከር የሚያሳይ ስዕል ነበር፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ተረኛው ፖሊስ በማሰብ ራሱን አላደከመም። «የመጨረሻ የሳለው አንቺን ነው፤ አብረሽው የነበርሽውም አንቺ ነሽ» ብሎ እጇን በካቴና አሰረ።

መርማሪዋ ስትደርስ ልጅቷ «በእናቴ! ዛሬ ዓይኑንም አላየሁት!» እያለች ታለቅሳለች።

መርማሪዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ስዕሉ ላይ ብዙ ቆየች።

«ሲስል አጠገቡ የሚቀመጥ ማን ነው?»

«እኔ ብቻ» አለች የዳንስ አሰልጣኟ፣ የሟች እጮኛ። «ሌላ ሰው ያለቀውን ነው የሚያየው። ነፋሱን ያስቀድማል።»

«ምኑን?»

«እጅና እግር ሲወናጨፍ የሚከተሉትን ጭረቶች። ሰውየውን በኋላ በላያቸው ይስለዋል።»

የሟች ታናሽ ወንድም ጥግ ይዞ ይንሰቀሰቃል።

«አንተስ ትስላለህ?»

«ኧረ እኔ! መስመር እንኳ ቀጥ አድርጌ አላሰምርም።»

መርማሪዋ የወንድማማቾቹን ቤት ፈትሻ ተመለሰችና ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«ይህን ስዕል ሟች አልሳለውም» አለች። «ጭረቶቹ ቀሚሱ ላይ ወጥተዋል፤ ነፋሱ የተጨመረው በኋላ ነው። አሰልጣኟ ብታስመስለው ቅደም ተከተሉን አትስትም። ይህ ያለቀውን ብቻ እያየ የገለበጠ ሰው እጅ ነው።» ወደ ወንድሙ ዞረች። «መስመር አላሰምርም ያልከው ሰውዬ፣ ሳጥንህ በግልባጭ ተሞልቷል። የወንድምህ ስዕሎች የሚታዩበት ኤግዚቢሽን መጥሪያም አገኘሁ፤ ሰዓሊ ተብሎ የታተመው ያንተ ስም ነው። ወንድምህ ዛሬ ደረሰበት፤ አይደል?»

«ስዕሎቹን ብቻ ነው የወሰድኩበት!» ብሎ ጮኸ። «አንቆ ያዘኝ፤ ገፋ ባደርገው ከመድረኩ ወደቀ!»

«ሐኪም በመጥራት ፈንታ ቁጭ ብለህ ሳልክ። ይቺን ምስኪን ልታስበላ።»

ፖሊሱ አቀርቅሮ የእንዝርትን ካቴና ፈታ። አሰልጣኟ ወጣቱ ፊት ቆመች።

«ያጎረሰ እጁን ነከስከው» አለችው። «አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገህን! ‹ወንድሜን ለቁም ነገር እስካበቃው ጠብቂኝ› ብሎኝ አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቅኩት። ትናንት ማታ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹በቃ፣ ልጁ ሰው ሆነልኝ፤ የሠርጋችንን ቀን እንቁረጥ።›»